«ይህ የእናቱ ወገን ነው»፦ የልጅ ብልህነት ከዘር ነው ወይስ ከአስተዳደግ?

ጥያቄ፦ «ሁለት ወንዶች ልጆች አሉን። ታላቁ 12 ዓመቱ ነው፤ ከክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ይወጣል። ታናሹ 8 ዓመቱ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል ቢደርስም ፊደል አልለየም፤ ባለፈው ካርዱ ከ46 ልጆች 43ኛ ወጣ። አማቴ ‹ይህ የእናቱ ወገን ነው፤ ከእኛ ቤት እንዲህ ያለ ልጅ አልተወለደም› ይላሉ። ባለቤቴም ‹የልጅ ጭንቅላት የሚወረሰው ከእናት ነው› የሚል ጽሑፍ አንብቦ፣ ለታናሹ አስጠኚ መክፈሉን አቁመን ገንዘቡን ታላቁን የተሻለ ትምህርት ቤት ለማስገባት እናውለው ብሎኛል። ብልህነት በእርግጥ በዘር ነው? ከሆነስ ስንት በመቶው? ከእንግዲህ ሊለወጥ ይችላል?»

መልስ፦

ውድ እህቴ፣ የልጆችን የመማር ችሎታ በመመርመር 17 ዓመት ሠርቻለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ ከጥያቄው ጀርባ ሌላ ሸክም ተሸክሟል፤ የእርስዎም ይታየኛል። በአንድ የ8 ዓመት ልጅ ላይ ሊፈረድ ነው፤ በእናቱም ላይ አብሮ እየተፈረደ ነው። ስለዚህ ስለ መቶኛው ከመናገሬ በፊት ስለ ክሱ ልናገር።

ልጅ ዘር የሚተላለፍባቸውን ክሮሞሶም የሚባሉ ክሮች ከእናቱ 23፣ ከአባቱም 23 ይቀበላል። ባለቤትዎ ያነበቡት ወሬ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። ወንድ ልጅ ኤክስ የሚባለውን ክሮሞሶም የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ነው፤ በዚህ ክሮሞሶም ላይ ደግሞ ሲበላሹ የአእምሮ እድገትን የሚጎዱ ከ100 በላይ ዘረመሎች (ጂኖች) ይገኛሉ። ከዚህ ተነስቶ «ብልህነት የሚገኘው ከእናት ነው» ማለት ግን ስህተት ነው። የቤቱን ፊውዝ ቢነቅሉት ሬዲዮው ዝም ይላል፤ ዘፈኑ ግን ፊውዙ ውስጥ አልነበረም። በ2018 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ወደ 270,000 የሚጠጉ አውሮፓዊ ዝርያ ያላቸውን ሰዎች ዘረመል የመረመረ ጥናት ከማሰብ ችሎታ ጋር የሚያያዙ ከ1,000 በላይ ዘረመሎችን ለይቷል። በመላው የዘር ቅንብር ውስጥ የተበተኑ ናቸው፤ የእያንዳንዳቸውም ጉልበት እጅግ ትንሽ ነው። ሁሉም ተደምረው እንኳ በሰዎች መካከል ከሚታየው የችሎታ ልዩነት ሊያስረዱ የቻሉት ከመቶ 5 ያህሉን ብቻ ነው። ጣት ተቀስሮበት «ይኸውና፣ ከዚያኛው ወገን የመጣው» የሚባል አንድ የብልህነት ዘረመል የለም።

ደግሞስ የታላቁ ልጅ እናት ማን ናት? አንደኛ የሚወጣውም 43ኛ የወጣውም ከእርስዎና ከባለቤትዎ ነው የተወለዱት። የመጀመሪያው ለአባቱ ወገን፣ ሁለተኛው ለእናቱ ወገን የሚጻፍበት ምንም የሳይንስ መንገድ የለም። ወንድማማቾች ከሚለያዩበት ዘረመል በአማካይ ግማሹን ይጋራሉ፤ የቀረው እንደ ዕጣ ይደርሳቸዋል። አማካዩ 100 በሆነው አይኪው በሚባለው የማሰብ ችሎታ መለኪያ፣ ከመንገድ የተገኙ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በአማካይ 17 ነጥብ ያህል ይራራቃሉ። በአንድ ቤት ያደጉ ወንድማማቾች ደግሞ 12 ነጥብ ያህል ይራራቃሉ። ያው እናት፣ ያው አባት፣ ያው ማዕድ ሆኖ የሚጠበው አምስት ነጥብ ብቻ ነው። የሁለት ልጆች መለያየት በየቤቱ ያለ ነገር ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። አባቶቻችን ዘር ከልጓም ይስባል ብለዋል፤ ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣም ነግረውናል። ሁለቱን ሲናገሩ አንዱ አንዱን ይሽራል ብለው አልተጨነቁም፤ ሳይንሱም የሚሄደው ሁለቱንም ይዞ ነው።

«ስንት በመቶ» ለሚለው በብዙ መጻሕፍት 50 ከመቶ የሚል መልስ ያገኛሉ። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ የሚያሳስተው አነባበቡ ነው። ከልጅዎ አእምሮ ግማሹ ከዘር፣ ግማሹ ከአስተዳደግ የመጣ ነው ማለት አይደለም። በእንጀራ ላስረዳዎት። አንድ እንጀራ አንስቶ «ከዚህ ስንት በመቶው የጤፉ፣ ስንት በመቶው የእሳቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል እንጀራው አይኖርም። አሥር እንጀራ ደርድሮ «እነዚህ ለምን ተለያዩ?» ማለት ግን ይቻላል። ጤፉ አንድ ዓይነት ከሆነ ልዩነቱ ሁሉ የእሳቱና የእጅ ነው፤ እሳቱና እጁ አንድ ሆኖ ጤፉ ከተለያየ ልዩነቱ የጤፉ ይሆናል። ተመራማሪዎች የሚሰጡት መቶኛ እንዲህ ያለ ነው። በአንድ ሕዝብ ውስጥ፣ በአንድ ዘመን፣ በሰዎች መካከል ስለሚታይ ልዩነት ይናገራል፤ ስለ አንድ ልጅ ግን የሚናገረው የለም። ሁኔታው ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል።

አሜሪካዊው የዘረመል ምሁር ሪቻርድ ሌዎንቲን በ1970 ይህን በእህል ዘር ምሳሌ አስረድተዋል። እኔ ወደ ጤፍ ላምጣው። ከአንድ ጎተራ የተደበላለቀ ዘር ይዝገኑና ግማሹን ዋልካ መሬት ላይ፣ ግማሹን ጭንጫ ላይ ይዝሩት። በዋልካው ላይ መሬቱ ለሁሉም እኩል ነው፤ ስለዚህ አንዱ ጤፍ ከሌላው ቢረዝም ምክንያቱ ዘሩ ነው። በጭንጫውም ላይ እንዲሁ። በየማሳው ውስጥ «የቁመት ልዩነት 100 ከመቶ በዘር ነው» ቢባል እውነት ነው። ነገር ግን የዋልካው ጤፍ ተንዠርግጎ የጭንጫው ጫጭቶ ቢታይ፣ በሁለቱ ማሳዎች መካከል ያለው ልዩነት በሙሉ የመሬቱ ነው። ዘሩ ከአንድ ጎተራ ነውና። ይህን ምሳሌ ያልያዘ ሰው «በዘር ነው» የሚለውን ቃል ሰምቶ የጭንጫውን ገበሬ «ዘርህ መናኛ ነው» ይለዋል።

ይህን የምጽፈው በምክንያት ነው። ባለቤትዎ ያቀረቡት ሐሳብ ተፈጻሚ ቢሆን በአንድ ጣሪያ ሥር ዋልካና ጭንጫ ይፈጠራል። ለአንዱ የተሻለ ትምህርት ቤት፣ ለሌላው የተቋረጠ አስጠኚ። ከአምስት ዓመት በኋላ ልዩነቱ ሲሰፋ ደግሞ «አላልኩም?» የሚል ሰው ከቤት አይጠፋም።

50 ከመቶ የሚለው ቁጥር የመጣው በዋናነት ከመንትዮች ጥናት ነው። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች ዘረመላቸው አንድ ነው፤ ከሁለት እንቁላል የተገኙት እንደ ማንኛውም ወንድምና እህት ናቸው። በ1981 እስከዚያ ድረስ የተደረጉ 111 ጥናቶች በአንድ ላይ ሲመዘኑ፣ በአንድ ቤት ያደጉ የአንድ እንቁላል መንትዮች አይኪው ተዛምዶ 0.86 ሆኖ ተገኘ፤ 1 ማለት ፍጹም አብሮ መሄድ፣ 0 ማለት ምንም አለመያያዝ ነው። የሁለት እንቁላል መንትዮች ተዛምዶ 0.60 ነበር፤ የዘር ድርሻ የሚገመተው ከዚህ ልዩነት ነው። ተለያይተው ያደጉት የአንድ እንቁላል መንትዮች እንኳ 0.72 አስመዘገቡ። ተመራማሪው ቶማስ ቡሻርድ በ1979 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተነጣጥለው ያደጉ መንትዮችን እየፈለጉ ማጥናት ጀምረው ከአሥር ዓመት በኋላ ያገኙትም ከዚህ የራቀ አልነበረም። ስለዚህ ዘር ምንም ድርሻ የለውም የሚል ሰው ካጋጠመዎት እርሱም ተሳስቷል። እኔ ለልጆች ስለምቆረቆር ብቻ ይህን ልሸሽግዎት አልችልም።

ሆኖም እነዚያ ተለያይተው ያደጉ መንትዮች የት ነበር ያደጉት? አብዛኞቹ በጉዲፈቻ የገቡት ጠግቦ በሚያድር፣ ትምህርት ቤት በሚደርስ ቤት ውስጥ ነው። አንዱ በዋልካ፣ ሌላው በሌላ ዋልካ። መሬቱ ብዙም ካልተለያየ የሚታየው የዘሩ ልዩነት መሆኑ አይቀርም።

በ2003 ኤሪክ ተርክሃይመርና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ የ7 ዓመት መንትዮችን በቤተሰባቸው ኑሮ ለይተው አዩ። በተደላደሉት ቤተሰቦች የልጆቹን ልዩነት በብዛት የሚያስረዳው ዘር ሆነ። በድሃዎቹ ቤተሰቦች ግን የዘር ድርሻ ወደ ዜሮ ተጠጋ፤ ከልዩነቱ 60 ከመቶ ያህሉ ልጆቹ በጋራ ከኖሩበት ቤትና ሁኔታ የመጣ ነበር። የተዘራው ዘር ሁሉ ሊያሳይ የሚችለውን ለማሳየት ዕድል አላገኘም ማለት ነው። በኋላ የተሰበሰቡ ጥናቶች ይህ ነገር በአሜሪካ እንደሚታይ፣ በምዕራብ አውሮፓና በአውስትራሊያ ግን እንደማይታይ አሳይተዋል፤ ብዙዎች ምክንያቱን እዚያ ሕክምናውና ትምህርቱ ድሃውንም የሚደርስ በመሆኑ ይሰጡታል። እንግዲህ በአገራችን፣ የአንዱ ልጅ የክፍል ተማሪ ቁጥር 25 የሌላው 80 በሆነበት፣ አንዱ በምሳ ዕቃ እንቁላል ይዞ ሌላው ቁርስ ሳይቀምስ በሚሄድበት፣ ከሚኒሶታ የመጣ መቶኛ አንስቶ ልጅን መመዘን እንዴት ይቻላል?

ስለ እድሜም አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። የዘር ድርሻ እድሜ ሲጨምር ይጨምራል። ከአራት አገሮች የተሰበሰቡ 11,000 ጥንድ መንትዮች በ2010 ሲታዩ፣ በ9 ዓመት 41 ከመቶ፣ በ12 ዓመት 55 ከመቶ፣ በ17 ዓመት 66 ከመቶ ነበር። ሰው ሁሉ ተቃራኒውን ይጠብቃል፤ ኑሮ ሲከማች የዘር ነገር የሚደበዝዝ ይመስለዋል። ይህን የሚያስረዳው ልጅ ሲያድግ አካባቢውን ራሱ እየመረጠ መሄዱ ነው። ማንበብ ትንሽ የቀለለው ልጅ መጽሐፍ ይጠይቃል፤ መጽሐፍ ይሰጠዋል፤ ጓደኛውም የሚያነብ ይሆናል። ትንሿ ብልጫ እንደ ወለድ ትወልዳለች። በተቃራኒው ማንበብ የከበደው ልጅ ደብተር ሲያይ ይሸማቀቃል፤ ይሸሻል፤ የሸሸው ነገር ይብስበታል። ዘር የሠራ በሚመስለን ነገር ውስጥ የተከፈተ በርና የተዘጋ በር ተቀላቅሎበታል። በዚህ ላይ የአይስላንድ ተመራማሪዎች በ2018 ያገኙትን ይጨምሩበት፤ ወላጅ ለልጁ ያላስተላለፈው ዘረመል እንኳ የልጁን የትምህርት ደረጃ ይነካል። በደም ያልተላለፈ ዘረመል ልጁ ዘንድ የሚደርሰው ወላጁ በሚያቆመው ቤት፣ በሚያወራው ወሬ፣ በሚያሳየው ትዕግሥት በኩል ነው።

«ሊለወጥ ይችላል?» ለሚለው ጥያቄዎ፣ በዘር የመጣና የማይለወጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከሁሉ አስቀድመው ይያዙልኝ። ለዚህ የአንዲት እናት ታሪክ አለኝ። ኖርዌያዊቷ ቦርግኒ ኤገላንድ ሲወለዱ ጤነኛ የመሰሉ ሁለት ልጆቿ እያደጉ ሲሄዱ አእምሯቸው ወደ ኋላ ቀረ። ከሐኪም ሐኪም ዞረች። የልጆቹ ሽንት እንግዳ ሽታ እንዳለው እየነገረች የሚሰማት አጣች። በ1934 አስብዮርን ፎሊንግ የተባሉ ሐኪም ሰሟትና ሽንቱን መረመሩ። ፌኒልኬቶኑሪያ ዛሬ የምንለው በሽታ እንዲህ ታወቀ። በሽታው ሙሉ በሙሉ በዘር የሚመጣ ነው፤ አንድ የተበላሸ ቅጂ ከእናት፣ አንድ የተበላሸ ቅጂ ከአባት ሲገናኙ። (የማን ወገን ነው ይባል?) ሰውነት ፌኒልአላኒን የተባለውን የፕሮቲን ክፍል ማስወገድ ያቅተዋል፤ እሱ ተከማችቶ አእምሮን ይጎዳል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ ሆርስት ቢከል ይህ ንጥረ ነገር የተቀነሰበት ምግብ አዘጋጅተው ሞከሩ፤ በ1960ዎቹ ደግሞ ሮበርት ጉትሪ ከጨቅላ ተረከዝ በሚወሰድ የደም ጠብታ በሽታውን የሚለይ ምርመራ አመጡ። ዛሬ ይህ ዘረመል ይዞ የተወለደ ልጅ ቶሎ ተለይቶ ምግቡ ከተስተካከለ አእምሮው እንደ ማንኛውም ልጅ ያድጋል። ዘረመሉ አልተነካም፤ የተለወጠው ሳህኑ ነው። ለቦርግኒ ልጆች አልደረሰላቸውም። ለብዙ ሺህ ሌሎች ልጆች ግን ደረሰ፤ የደረሰውም አንዲት እናት «ዕጣቸው ነው» የሚለውን አልቀበልም በማለቷ ነው።

ሳህንን ካነሳን ወደ ጨው እንሂድ። አዮዲን በምግብ ውስጥ ሲጎድል ሰዎች አንገት ላይ እንቅርት ይወጣል፤ ይህን በየደጋው አይተነዋል። የማይታየው ጉዳት በጽንስ አእምሮ ላይ የሚደርሰው ነው። እጥረቱ ክፉኛ በበረታባቸው አካባቢዎች የሕፃናቱ አማካይ አይኪው 12 ነጥብ ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። መንደሩ በሙሉ አብሮ ዝቅ ስለሚል ማንም አያስተውለውም፤ ተጓዥ ቢያይ «የዚህ አገር ሰው እንዲህ ነው» ብሎ ያልፋል። በአገራችን በ2005 አዮዲን ያለበት ጨው ይጠቀም የነበረው ከአሥር ቤት ሁለቱ ብቻ ነበር። በ2011 ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደንብ ወጣ፤ በ2016 ከአሥር ቤት ዘጠኙ ያህል አዮዲን ያለበት ጨው ይጠቀም ነበር። መጠኑ በቂ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ነገር ግን በአሥር ዓመት ውስጥ ስንት አእምሮ እንደተረፈ ሳስበው ልቤ ይሞላል። እርስዎም ጨዉን በተከደነ ዕቃ ያስቀምጡት፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምሩት፤ ሙቀትና ፀሐይ አዮዲኑን ያጠፉታል።

መቀንጨርም እንዲሁ ነው። በ2000 ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆቻችን 58 ከመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 38 ከመቶ ወርዷል። ቁጥሩ አሁንም ያስፈራል፤ ግን ዘራችን በ16 ዓመት አልተለወጠም። በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን በ1986 እና 1987 ከ9 እስከ 24 ወር እድሜ ያላቸው 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ተለይተው ግማሾቹ ቤት የጤና ሠራተኛ በሳምንት አንድ ሰዓት እየሄደች ለሁለት ዓመት እናቶችን ከልጃቸው ጋር መጫወትና ማውራት አለማመደች። መጫወቻው በቤት ከተገኘ ዕቃ የተሠራ ነበር። እነዚያ ሕፃናት 22 ዓመት ሲሆናቸው ጨዋታው ካልደረሳቸው እኩዮቻቸው 25 ከመቶ የሚበልጥ ደመወዝ ያገኙ ነበር። ይህን ጥናት ባነበብኩ ቁጥር አገራችንን አስባለሁ፤ የሚያስፈልገው አንዲት የሠለጠነች ሴትና የተቆራረጠ የካርቶን መጫወቻ ነበር።

የእኛው ወገኖች ያለፉበትም ማስረጃ አለ። በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ሲደርሱ በየመቀበያ ጣቢያው የተመደቡት ሳይመርጡ ነው፤ ልጆቹም የገቡት በዕጣ እንደመውደቅ ጣቢያው አጠገብ ባለው ትምህርት ቤት ነው። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2004 ባወጡት ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የሂሳብ ውጤቱ የተሻለ ትምህርት ቤት የደረሳቸው ልጆች ክፍል መድገማቸውና ማቋረጣቸው ቀንሶ፣ የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተናን የማለፍ ዕድላቸው ጨምሮ ተገኘ። በሌላ ጥናት ደግሞ በዚያው አውሮፕላን በእናታቸው ሆድ ውስጥ ሆነው የሄዱት ታዩ። እናታቸው በእርግዝናዋ መጀመሪያ ላይ እስራኤል የደረሰች ልጆች፣ እናታቸው እርግዝናዋ ከገፋ በኋላ ከደረሰች ልጆች ይልቅ በ18 ዓመታቸው የተሻለ የትምህርት ውጤት ነበራቸው፤ በተለይ ሴቶቹ። ከአንድ አገር፣ ከአንድ ሕዝብ፣ በአንድ ቀን የተነሱ ናቸው። ያለያያቸው ጥቂት ወራት የተሻለ ምግብና የእርግዝና ክትትል ነው።

«ስምንት ዓመት ሞላው፤ አልፎበታል ወይ?» የሚል ፍርሃትም በጥያቄዎ ውስጥ ይታየኛል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትልቅ ክብደት አላቸው፤ በሩ ግን በዚያ አይዘጋም። በፈረንሳይ ተጥለው ወይም ተበድለው አይኪዋቸው ከ86 በታች የነበረ 65 ልጆች ከ4 እስከ 6 ዓመታቸው በጉዲፈቻ ተወስደው፣ በጉርምስናቸው እንደገና ተለኩ። የገቡበት ቤት ድሃ የነበረው እንኳ በአማካይ 8 ነጥብ ያህል ጨመሩ፤ የተደላደለ ቤት የገቡት 19 ነጥብ ያህል። ትምህርት ራሱም ይጨምራል። ከ600,000 በላይ ሰዎችን ያካተቱ ጥናቶች በ2018 ተጠቃለው ሲታዩ፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት አይኪውን ከ1 እስከ 5 ነጥብ ከፍ ያደርጋል። ልጁን ከአስጠኚ ማላቀቅ ማለት ይህን መቀነስ ነው።

እስካሁን ስለ አይኪው ብዙ አወራሁ፤ የእርስዎ ልጅ ግን አይኪው አልተለካም። ያለዎት ካርድ ነው። 43ኛ የሚለው ቁጥር የሚነግረን በዚያ ክፍል፣ በዚያ ፈተና፣ ማንበብ በሚጠይቅ ወረቀት ላይ የሆነውን ነው። ፊደል ያልለየ ልጅ የሂሳብ ጥያቄውንም ማንበብ አይችልም፤ የአካባቢ ሳይንሱንም። አንድ ችግር በስድስት የትምህርት ዓይነት ስድስት ጊዜ ይቆጠርበታል። አልፍሬድ ቢኔ በ1905 በፓሪስ የመጀመሪያውን የማሰብ ችሎታ መለኪያ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ሲሠሩ ዓላማቸው ተጨማሪ እርዳታ የሚሻውን ልጅ ለይቶ ለመርዳት ነበር፤ የሰው ብልህነት እንደተወለደ ይቀራል የሚሉትንም በግልጽ ተቃውመዋል። መለኪያውን የፍርድ ወረቀት ያደረጉት ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ናቸው።

ከልምዴ ሁለት ልጆች ላንሳልዎ። አንደኛዋ የ9 ዓመት ልጅ ነበረች፤ በትምህርት ቤቷ «ፈዛዛ» ተብላ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁለት ዓመት አሳለፈች። ስትመጣ ከፊቴ ሆኜ ሳወራት ትመልሳለች፤ ከጀርባዋ ስጠራት ዝም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጆሮዋ ይመግል ነበር፤ በሁለቱም በኩል መስማቷ ቀንሷል። ታክማ ፊት ለፊት ስትቀመጥ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላ ልጅ ሆነች። ሁለተኛው ልጅ ከሀ እስከ ፐ በዜማ ይወርደዋል፤ አንዲት ፊደል ነጥዬ ሳሳየው ግን አያውቃትም። ዜማውን ነበር የተማረው፤ ፊደሉን ማንም ለይቶ አላሳየውም። የእኛ ፊደል 33 በሰባት 231 ቅርጽ ነው፤ ሰን ከሸ፣ ነን ከኘ፣ ካዕብን ከሣልስ የምትለየው አንዲት ትንሽ ምልክት ናት። አንዳንድ ልጅ ደግሞ የማንበብ ችግር ራሱ በተፈጥሮው ይኖርበታል፤ እሱም በዘር ይወረሳል፣ ነገር ግን ከማሰብ ችሎታ የተለየ ነገር ነው። በጣም ብልህ ሆኖ ፊደል እንደ ጉንዳን የሚተራመስበት ልጅ አለ።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉልኝ። ከሁሉ በፊት ጆሮውንና ዓይኑን ያስመርምሩ። ሐኪሙ የደም ማነስና የሆድ ትላትል እንዲያይለት ይጠይቁ፤ ሲወለድ የተቸገረበት ነገር፣ በሕፃንነቱ የያዘው ትኩሳትና መንቀጥቀጥ ካለ ይንገሩት። ከዚያ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ ንባቡን ለብቻ ይመርምርለት። የአይኪው ፈተና ለማስደረግ አይቸኩሉ፤ እኛ ጋ ያሉት መለኪያዎች አብዛኞቹ በሌላ አገር ልጆች ላይ የተመዘኑ ናቸው፤ ማንበብ ያልቻለን ልጅ ለመመዘን ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። አስጠኚውን አያስቀሩ፤ ሥራውን ይለውጡለት። የቤት ሥራ እየሠራለት ከሆነ ያቁም። በቀን 20 ደቂቃ፣ በየቀኑ፣ ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ብቻ፤ በአሸዋ ላይ በጣቱ እየጻፈ፣ ድምፁን እያወጣ። ማታ እርስዎ ወይም አባቱ ተረት ያንብቡለት፤ ያነበቡለትን መልሶ ይተርክልዎ። ሲተርክ በጥሞና ያዳምጡት፤ ነገሩን በቅደም ተከተል ከያዘ፣ ምክንያት ከሰጠ፣ ከራሱ ከጨመረ፣ ማሰቡ እዚያ አለ።

ቃል የማልገባልዎትን ደግሞ በግልጽ ልናገር። አንደኛ ይወጣል አልልም። ከተመረመረ በኋላ ከወንድሙ ዘገም ብሎ የሚማር ልጅ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ያም የተፈጥሮ ዕጣ ሊኖርበት ይችላል። እንዲያ ከሆነ የሚያስፈልገው ትምህርት ይበልጣል እንጂ አያንስም። ጭንጫ ላይ የወደቀን ዘር የሚያውቅ ገበሬ ፍግ የሚያፈሰው እዚያው ላይ ነው።

ለባለቤትዎ ይህን ሁሉ ማንበብ ከከበዳቸው አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ልጁ ሲወለድ ከእርሳቸው የተቀበለው ግማሽ ዘር ተሰጥቶ አልቋል፤ አይጨመርበትም አይቀነስበትም። ዛሬ ማታ ከእሱ ጋር 20 ደቂቃ መቀመጥ ግን ገና በእጃቸው ነው። ለአማትዎ የሚነግሩት ቃል አልመርጥልዎትም፤ ልጁ ባለበት ግን ስለ ወገን እንዳይነሳ ባለቤትዎ ራሳቸው ይጠይቁልኝ። የ8 ዓመት ልጅ ስለ ራሱ የሚባለውን ሁሉ ይሰማል፤ የሰማውንም ያምናል።

የጆሮና የዓይኑ ውጤት እንደደረሰ ከደብተሩ ጥቂት ገጾች ጋር ይላኩልኝ። ደብተሩን አያርሙት፤ ስህተቶቹ እንዳሉ ይሁኑ። የት ላይ እንደሚሳሳት የሚያሳየኝ እሱ ነው።